ጥሪው ለምን አልዞረም? ከፍሪሞንት ወደ ጎንደር የሚያልፈው የስልክ መንገድ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። መዘጋቱም ዓመት ገደማ ቆየ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በፍሪሞንት፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለሚኖር፣ ቤተሰቡ ጎንደር ወይም ደሴ ላለ ኢትዮጵያዊ ለዓመታት የለመደው የዋትስአፕና የቴሌግራም ጥሪ በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆነ። የቀረው መደበኛው ስልክ ነው፦ መደወያ ካርድ፣ በደቂቃ የሚያስከፍል መተግበሪያ፣ ወይም የስልክ ኩባንያው የዓለም አቀፍ ጥሪ ጥቅል። ይህ የድሮ መንገድ ከኢንተርኔት ውጭ የሆነ ይመስላል፤ አይደለም። ጥሪው ካሊፎርኒያ ውስጥ ገና ሲነሳ የኢንተርኔት ጥሪ ሆኖ ይጓዛል፤ ሰርቨር ይቀበለዋል፤ ሰርቨሩ ካሉት ጌትዌዮች አንዱን ይመርጣል፤ ጌትዌዩ ደግሞ በአንድ ወይም በብዙ አሻሻጭ ኩባንያዎች በኩል አሳልፎ ለኢትዮ ቴሌኮም ያስረክባል። የተመረጠው ጌትዌይ ቢበላሽ ጥሪው ወደ ተጠባባቂው መዞር አለበት። አገልግሎቱን የሚሸጠው ሁሉ ተጠባባቂ አለኝ ይላል፤ አብዛኛውም እውነቱን ነው። ታዲያ ጥሪው ለምን አይዞርም? መልሱን ብዙ ሰው የሚፈልገው በተጠባባቂው በኩል ነው፤ ሌላ ጌትዌይ ይጨመር፣ ሌላ አቅራቢ ይፈለግ ይላል። ችግሩ ግን ያለው የመጀመሪያው መስመር መሞቱ በሚታወቅበት ቦታ ነው። ሰርቨሩ ሞተ ብሎ ያላመነውን መስመር አይተወውም፤ እንዲያምን የሚያደርገው መረጃ ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ተድበስብሶ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ተዋሽቶ ይደርሳል።

ከመዘግየቱ እንጀምር። የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ የሚከፈተው ኢንቫይት በምትባል አጭር መልእክት ነው። የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ የሚመራበትን የኤስአይፒን ሥርዓት የደነገገውና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አርኤፍሲ 3261 የተባለ ሰነድ፣ ለኢንቫይቷ መልስ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ በሰዓት ቆጥሮ አስቀምጦታል። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ መልእክቷ ትደገማለች፤ ከዚያ ጥበቃው በእጥፍ እያደገ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይሆናል። ማንም ካልነካው ሰርቨሩ ተስፋ የሚቆርጠው በ32ኛው ሰከንድ ነው። ይህ ለማሽን ምንም አይደለም። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ፀጥታ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ግማሽ ደቂቃ ማለት ነው፤ አብዛኛው ደዋይ ከዚያ ቀድሞ ይዘጋዋል። ጉዳቱ በአንድ ጥሪ መክሸፍ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ደዋዩ ሲዘጋው ሰርቨሩ ጥሪው የተሰረዘው በደዋዩ ፈቃድ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ቁጥሩም 487 ነው። የጌትዌዩ ሞት በደንበኛው ስም ተጻፈ ማለት ነው። በማግስቱ ሪፖርቱን የሚከፍተው ባለሙያ ጌትዌዩ ላይ አንድም ስህተት አያይም፤ የሚያየው ትዕግሥት ያጣ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ብልሽት ፍለጋ ሲጀመር መጀመሪያ መታየት ያለበት የስህተት ዝርዝሩ ሳይሆን፣ ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድም የደወል ምልክት ሳይመጣላቸው በደዋዩ የተዘጉት ጥሪዎች ናቸው። እነዚህ በአንድ ጌትዌይ ላይ ከበረከቱ ደዋዮቹ ሰርቨሩ ያላወቀውን ነገር ቀድመው አውቀዋል።

ሰዓቱን ማሳጠር ቀላል ይመስላል፤ ሰዓቶቹ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ለመጀመሪያው ቃል፣ ሁለተኛው ለመጨረሻው ቃል የሚጠበቅበት ነው። በብዙ የጥሪ አገልግሎቶች ውስጥ የሚሠራው ካማይሊዮ የተባለ የሰርቨር ሶፍትዌር ማንም ካላስተካከለው የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ብልሃተኛ ባለሙያ የመጀመሪያውን ወደ 3 ወይም 4 ሰከንድ ያወርድና እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ ጌትዌዩ ኢንቫይቷን እንደተቀበለ ወዲያው «እየሞከርኩ ነው» የሚል 100 ቁጥር ይመልሳል፤ ይህችን ለመመለስ ከኋላው ያለው መስመር በሕይወት መኖር አያስፈልገውም። 100 ስትደርስ የመጀመሪያው ሰዓት ይቆማል፤ ሁለተኛው 120 ሰከንዱን መቁጠር ይጀምራል። በየደቂቃው የሚላከው «አለህ ወይ» የሚለው የኦፕሽንስ መልእክትም የተሻለ ነገር አይነግርም። የግቢውን ዘበኛ «አለህ?» ቢሉት «አለሁ» ይላል፤ ጋሼ ቤት ስለመኖራቸው ግን ገና አልተጠየቀም። የብዙ ተቆጣጣሪዎች አረንጓዴ መብራት የዘበኛው መልስ ነው። ጌትዌዩ ፍሪሞንት ወይም ሳን ሆዜ ውስጥ ባለ ዳታ ሴንተር ተቀምጦ ኤሌክትሪክና ኔትወርክ እስካገኘ ድረስ ለኦፕሽንስ ይመልሳል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመሩ ከትናንት ጀምሮ የተቆረጠ ቢሆንም።

መረጃው ሲደርስ ደግሞ ተድበስብሶ ይደርሳል፤ ይህን ክፍል ጠጋ ብሎ ማየት ያዋጣል። መደበኛው የስልክ ኔትወርክ ጥሪ የከሸፈበትን ምክንያት በቁጥር ይናገራል። ምክንያት 17 ስልኩ ተይዟል ነው፤ 34 ነፃ መስመር የለም ነው፤ 1 እንዲህ ያለ ቁጥር ለማንም አልተሰጠም ማለት ነው፤ 3 ደግሞ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለኝም ማለት ነው። እነዚህን ወደ ኤስአይፒ ቁጥሮች የሚተረጉመው አርኤፍሲ 3398 የተባለ ሰነድ 17ን 486፣ 34ን 503 ያደርጋል፤ 1ንም 3ንም ግን 404 ያደርጋቸዋል። ቁጥሩ በዓለም ላይ አለመኖሩና ይህ ጌትዌይ መንገዱን አለማወቁ አንድ መልስ ሆኑ። ማዞር ያለበት ሰርቨር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 503ን የመስመር ብልሽት አድርጎ ወደ ተጠባባቂው ያልፋል፤ 404ን ግን የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ ይቀበላል። የሌለ ቁጥር በሌላ መንገድ ቢሞከርም ያው የሌለ ነውና። የዚህ ዋጋ በኢትዮጵያ ቁጥሮች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር ከለመድነው 09 ጎን 07 የሚል የሞባይል መነሻ መጣ፤ ከውጭ ሲደወል 251 7 ማለት ነው። የቁጥር ሰንጠረዡን ያላደሰ አሻሻጭ ኩባንያ 251 7ን አያውቀውም፤ ስለዚህ 404 ይመልሳል። ተጠባባቂው ጌትዌይ መንገዱን አሳምሮ ቢያውቅም ማንም አይጠይቀውም። ደዋዩ «የደወሉት ቁጥር የለም» ይባላል፤ ወንድሙ በዚያው ቁጥር ትናንት ፎቶ የላከለት ቢሆንም። መፍትሔው በወረቀት ላይ ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ አለ፦ ዋናውን የምክንያት ቁጥር ከመልሱ ጋር አያይዞ የሚያሳልፈው የሪዝን ሄደር። አሻሻጮቹ ይህችን መስመር ሳይቆርጡ ካሳለፏት ሰርቨሩ 1ን ከ3 ይለያል። ብዙ ጊዜ ይቆርጧታል። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ በሚሄድ ጥሪ ላይ የመጀመሪያው ጌትዌይ የሰጠውን 404 እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ አንድ ምስክር ቃል ወስዶ ሁለተኛውን መጠየቅ ይሻላል። ሁለቱም አንድ ቃል ከተናገሩ ያኔ ቁጥሩ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ የአነስተኛ ኩባንያዎች ግድየለሽነት ብቻ ነው የሚል ካለ ኤፕሪል 9 ቀን 2014 እኩለ ሌሊት ገደማ በአሜሪካ የሆነውን ይመልከት። ኮሎራዶ ውስጥ ኢንግልዉድ በሚባል ከተማ ያለ የኢንትራዶ ኩባንያ ማዕከል የ911 የአደጋ ጥሪዎችን ያከፋፍል ነበር። ለእያንዳንዱ ጥሪ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ሶፍትዌር አስቀድሞ የተወሰነለት ጣሪያ ነበረው፤ ቆጣሪው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ቁጥር መስጠት አቆመ። ማሽኑ አልተቃጠለም፣ መብራት አልጠፋም፣ ፋይበር አልተቆረጠም። ማያሚ የሚገኘው ሌላው ማዕከል ሥራውን መረከብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ስልቱ እንደ ብልሽት የቆጠረው ነገር ስላልነበረ ራሱን አላዞረም፤ የተላኩትም ማስጠንቀቂያዎች ከተራ መልእክት ያልተለዩ ነበሩ። ለ6 ሰዓት ያህል ካሊፎርኒያን ጨምሮ በ7 ግዛቶች ያሉ 81 የአደጋ ጥሪ ማዕከላት ተነኩ፤ ከ6,600 በላይ የአደጋ ጥሪዎች ሳይደርሱ ቀሩ። የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ጥቅምት ባወጣው ሪፖርት ጉዳዩን ከሶፍትዌር ወሰን እስከ ማስጠንቀቂያ አሰጣጥ ዘርዝሮታል። ተጠባባቂው ነበረ፤ ገንዘብም ወጥቶበታል። የጠፋው «አሁን ተበላሽቻለሁ» የሚል ቃል ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ ሁለቱ መስመሮች እውነትም ሁለት ናቸው ብሎ ይነሳል። እነ ፍሪሞንትና ሳን ሆዜ የሚገኙባት የቤይ ኤሪያ የራሷ ታሪክ ግን ይህንንም ያጠራጥራል። ኤፕሪል 9 ቀን 2009 (በአጋጣሚ ያው ቀን) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰዎች በደቡብ ሳን ሆዜ የመንገድ ላይ ጉድጓድ ከፍተው የኤቲ ኤንድ ቲን ፋይበር ቆረጡ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሳን ካርሎስ ላይ ተደገመ። ሞርጋን ሂልና ጊልሮይ የቤት ስልክ፣ ሞባይልና 911 በአንድነት አጡ። የቬራይዘን ደንበኛ የነበረውም አልተረፈም፤ የኩባንያው ስም ሌላ ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚያልፈው በዚያው በተቆረጠው ፋይበር ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላም ከጁላይ 2014 እስከ ጁን 2015 ኤፍቢአይ በአካባቢው ቢያንስ 11 የፋይበር ቆረጣዎችን መዝግቧል፤ ከነዚህም በርከት ያሉት ፍሪሞንት ውስጥ፣ ናይልስ ካንየን ከአላሚዳ ክሪክና ከሚሽን ቡሌቫርድ በሚገናኝበት አካባቢ ነበሩ። እንደ ሃሪኬን ኤሌክትሪክ ያለ የኢንተርኔት መረብ ባለቤት ዋና መሥሪያ ቤቱን ባደረገባት ከተማ፣ የመስመሮቹ ጥግግት ያንኑ ያህል ሸለቆ ለሸለቆ፣ ሐዲድ ለሐዲድ አብረው እንዲሮጡ ያደርጋቸዋል። በሰርቨሩ ሰንጠረዥ ላይ በሁለት ስም፣ በሁለት አይፒ አድራሻና በሁለት ደረሰኝ የሰፈሩ ጌትዌዮች መሬት ላይ አንድ ቱቦ ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያ በኩልም ነገሩ ይብሳል። አገሪቱ ወደብ የላትምና ከባሕር ኬብል ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ ምድር አልፋ ነው፤ ከሁሉም በላይ በጅቡቲ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ተፎካካሪ አሻሻጮች የሸጡት «የተለያየ» መንገድ መጨረሻው ላይ አንድ ኩባንያ ጋር ተገናኝቶ፣ በአንድ መስመር ገብቶ፣ አንድ ማቀያየሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ተጠባባቂ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ውሸቱ ነው። ወደ ኢትዮጵያ መደወል ለረጅም ጊዜ ውድ በመሆኑ ሕጋዊውን መግቢያ ትቶ በጎን ለሚያልፍ ሰው ትርፉ ጥሩ ነው። ሲም ቦክስ የሚባለው መሣሪያ ከውጭ በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ ይደውለዋል፤ ከፍሪሞንት የደወለ ልጅ እናቱ ስክሪን ላይ በማይታወቅ 09 ቁጥር የሚታየው ለዚህ ነው። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ይህን በከባድ ወንጀልነት ያስቀጣል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሲሞቹን እያደነ ይዘጋል። ሲሞቹ ሲዘጉ መስመሩ ይሞታል፤ መስመሩን የሚሸጠው ሰው ግን ሞተ ብሎ ቢናገር ጥሪው ወደ ተፎካካሪው ይዞርበታል። ስለዚህ ከእውነተኛው ስልክ አንድም ምልክት ሳይመጣ የደወል ድምፅ ያሰማል፤ የባሰበት ደግሞ ማንም ሳያነሳ «ተነሥቷል» የሚለውን 200 ልኮ ሒሳብ ይጀምራል። ደዋዩ ፀጥታ ወይም የተቀዳ «ሄሎ» ይሰማል፤ ካርዱ ይበላል። ለሰርቨሩ ይህ ፍጹም የተሳካ ጥሪ ነው፤ 200 የደረሰበትን ጥሪ የሚያዞር ስልት የለም። እንዲያውም ጥሪ የማሳካት መጠንን እያሰላ የተሻለውን መስመር ራሱ የሚመርጥ «ብልህ» ስልት ከሆነ፣ የሚዋሸውን ጌትዌይ በአንደኝነት ያስቀምጠዋል። ርካሹም እሱ ነው፤ በቁጥር ሲታይ አስተማማኙም እሱ ነው።

አሜሪካ ይህንን በሽታ በራሷ ገጠር አይታዋለች። ወደ ገጠር የስልክ ኩባንያዎች የሚደረጉ ጥሪዎች የማስረከቢያ ክፍያቸው ከፍ ያለ ስለነበር፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለርካሽ አሻሻጮች ይሰጧቸው፣ አሻሻጮቹም እርስ በርስ ይቀባበሏቸው ነበር። ደዋዩ ስልኩ ሲጠራ ይሰማል፤ ተደዋዩ ጋ ግን ምንም አይጠራም። የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ትእዛዝ የሐሰት ደወል ማሰማትን ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የጸደቀው ሕግና ተከታዩ ደንብ ደግሞ ጥሪውን የሚያስጀምረው ኩባንያ የአሻሻጮቹን ሥራ የመከታተል ኃላፊነት እንዲኖርበት አደረጉ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሕጉ ሁሉን ፈውሷል የሚል አይደለም። የኮሚሽኑ አመክንዮ ግን ትክክል ነው፦ ብልሽቱን ማየት የሚችለው በሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው ሳይሆን ደንበኛው ገንዘብ የከፈለው የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። «መስመሩ የሌላ ነው» የሚል መልስ አይበቃም።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ከባለሙያዎች ይመጣል። ሰርቨሩ ተጠራጣሪ ይሁን፣ ሰዓቱ ይጠር፣ 404 አይታመን ካልን፣ ጤነኛ መስመርን እየገደልን ጥሪን ከቦታ ቦታ ማንከራተት ይመጣል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ታሪክም ይመሰክርላቸዋል። ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ኒው ዮርክ ያለ አንድ የኤቲ ኤንድ ቲ ማቀያየሪያ ለጥቂት ሰከንዶች ራሱን አቋርጦ ተመለሰ፤ ተመልሻለሁ ብሎ ለጎረቤቶቹ የላካቸው መልእክቶች እነሱ ላይ የተደበቀ የሶፍትዌር ስህተት ቀሰቀሱና እነሱም ራሳቸውን አቋረጡ፤ የነሱ መመለስ ደግሞ ሌሎችን። 114ቱም ማቀያየሪያዎች እየወደቁና እየተነሱ የአገሪቱ የርቀት ስልክ 9 ሰዓት ያህል ተቃወሰ። ያን ቀን ጉዳቱን ያዳረሰው ራሱ የማገገሚያው ስልት ነበር። በትንሹም ቢሆን ወደ ኢትዮጵያ በሚደረግ ጥሪ ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ጌትዌይ ዘገየ እንጂ ካልሞተ፣ ሰርቨሩ ሳይሰርዘው ወደ ሁለተኛው ቢዞር፣ የመጀመሪያው ጥሪ ዘግይቶ ጎንደር ይደርስና ስልኩን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሲደርስ «ተይዟል» የሚል 486 ያገኛል። ሰርቨሩም 486ን የመጨረሻ ቃል አድርጎ ለደዋዩ ያሳልፋል። ደዋዩን ያገደው የራሱ ጥሪ ነው። ይህ ግን የሚቃወመው ያለፈውን ሳይሰርዙ መቸኮልን እንጂ ጥርጣሬን አይደለም። ሰርቨሩ መጀመሪያ የላካትን ኢንቫይት በሥርዓቱ ሰርዞ ይዙር፤ አንድ ጌትዌይ በአንድ ጥሪ ስለዘገየ ሳይሆን በተከታታይ ስለከሸፈ ይውረድ፤ ሲመለስም ሙሉውን ጭነት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት ጥሪ እየተፈተነ ይቀበል። ኦፕሽንስ ያለጊዜው የሚያበራው አረንጓዴ መብራት ግን ለዚህ ፍርድ አይበቃም።

ሌላው ተቃውሞ ከተራው ደዋይ ይመጣል፦ ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ማን ካርድ ይገዛል? አማራ ክልል ላይ ተመልሷል፤ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ስልኩም ጭምር ተቋረጠ፤ መቀሌ ለወራት አግኝታው ዳግም ካጣችው ወዲያ መልሳ ድምፅ ያገኘችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ነው። የትግራዩን የትኛውም ጌትዌይ አይመልሰውም፤ ማቀያየሪያው ራሱ ሲዘጋ የሚዞሩበት መንገድ የለም፤ የዚያን ጊዜ ሐቀኛው ሰርቨር ማድረግ የሚችለው በሐሰት ደወል ሳያታልል ወዲያው መናገር ብቻ ነው። በሌሎቹ ጊዜያት ግን መደበኛው ስልክ የመተግበሪያዎቹ ተጠባባቂ ነው፤ ተጠባባቂ ደግሞ ማንም በማይጠቀምበት ሰሞን ካልተፈተነ በሚፈለግበት ቀን ነው መሞቱ የሚታወቀው።

ፈተናው ውድ ነው የሚሉ አነስተኛ ኩባንያዎች አሉ። ስሌቱን ግን አብረን እንየው። የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ጌትዌይ በኩል በተራ፣ አንድ ወደ 09 አንድ ወደ 07፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኩባንያው ራሱ ወደሚያስቀምጠው ስልክ የሚደረግ እውነተኛ ጥሪ ነው። ያ ስልክ ሳይነሳ 200 ከመጣ ጌትዌዩ ይዋሻል፤ ሳይጠራ የደወል ድምፅ ከተሰማም እንዲሁ፤ ሲነሳ የመጣበት ቁጥር የአገር ውስጥ 09 ከሆነ መስመሩ ሲም ቦክስ ነው፤ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ወጪው የጥቂት ደቂቃ ዋጋ ነው። የሰዓቱ ነገር ግን ይታሰብበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ የጥገና ሥራ የሚደረገው ሰው በተኛበት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው፤ በበጋ የሰዓት አቆጣጠር ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ጠዋት 4 ሰዓት ሆኗል፤ ሱቁ ተከፍቷል፣ ባንኩ ተከፍቷል፣ ሐዋላ የተላከለት ሰው ስልክ ይጠብቃል። ለአሜሪካ ገበያ ሰላማዊ የሆነው ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄደው ጥሪ የሥራ ሰዓት ነው። ጌትዌይ የሚያወርድ፣ ሰንጠረዥ የሚቀይር ሰው የፍሪሞንትን ሰዓት ብቻ ካየ፣ የሚያፈርሰውን ጥሪ ሳያየው ያድራል፤ መዝገቡም በ487 ተሞልቶ ይጠብቀዋል።